ኦኔሲሞስ ነሲብ፤ የበጎ ተስፋ ሰው

ሰው አንድ ትልቅ ሥራ ለመጀመር ባሰበ ጊዜ በልቡ ውስጥ ሁለት አማካሪዎች ይነሣሉ። አንደኛው የመንገዱን ርቀትና የጕልበቱን ማነስ እያሳየ፥ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ሁለተኛው ርቀቱንና ድካሙን ሳይሰውር፥ ዛሬ ሊራመደው የሚችለውን አንዱን ርምጃ ያሳየዋል። የፊተኛው ስሙ ተስፋ መቍረጥ፥ የኋለኛው ስሙ በጎ ተስፋ ነው። ተስፋ የሚቈርጥ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያየው ችግር እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን ችግርን በመቍጠር ብቻ የተሠራ ቤት፥ የተተከለ ዛፍ፥ የተጻፈም መጽሐፍ የለም። ይህ ነገር በኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት ጐልቶ ይታያል።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ስም ነው። ዛሬ በዚያ የሚያድግ ልጅ ኦሮምኛን በወረቀት ላይ ተጽፎ ቢያይ አይደነቅም። ከመቶ ኀምሳ ዓመት በፊት ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ከአለቃ ዘነብ ጋር አንዳንድ ክፍሎችን አስተርጕሞ ነበር፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ገና አልተተረጐመም ነበር፤ በቋንቋው የተጻፈ የማንበቢያ መጽሐፍ ማግኘትም እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ይህን ጐድሎ የሞላው ሰው ከባርነት የወጣ የኦሮሞ ልጅ ነው። (በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ ሁሩሙ በተባለው አገር አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር፤ ትርጓሜውም የሚፈታ፥ የሚተረጕም ማለት ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት። በ1869፥ ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ሲሆን፥ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ እቅፍ ነጥቀው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ፥ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ገበያ እየተሸጠ፥ ከተወለደበት አገር እጅግ ርቆ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። በምጽዋ ግን ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ አገር ሰው ነጻ አወጣውና፥ በከተማው አጠገብ እምኩሉ በተባለው ስፍራ ለነበሩት የስዊድን መምህራን ሰጠው።

በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ አገሩንና ዘመዶቹን አጥቶ፥ በሰው እጅ እንደ ዕቃ ተቈጥሮ፥ ልቡ ቢጨልም ማንም አይፈርድበትም ነበር። እርሱ ግን የጠፋበትን እየቈጠረ አልተቀመጠም። ፊደል ቈጠረ፤ ትምህርቱንም በትጋት ተከተለ። በ1872 በፋሲካ ቀን ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ይህም ስም በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የተነገረለት የባሪያው ስም ነው። በ1876 ወደ ስዊድን አገር ተልኮ፥ ዮሐኔሉንድ በተባለው ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። በዚያ በሰላም ሊኖር በተቻለው ነበር፤ ልቡ ግን ወደ ተነጠቀበት አገር ይመለከት ነበር። ለወገኖቹ ትምህርትን ይዞ መግባት የሕይወቱ ዐሳብ ሆነ።

በ1881 ወደ እምኩሉ ተመልሶ ምሕረት ኀይሉ የተባለችውን ሴት አገባ፤ ብዙም ሳይቈይ ጕዞ ጀመረ። በመካከለኛው ኢትዮጵያ በኩል ማለፍ የተከለከለ ስለ ነበር፥ ከባልንጀሮቹ ጋር በሱዳን በኩል ዞሮ ወደ ኦሮሞ አገር ሊገባ ዐሰበ። የበረሃውን ሐሩርና የንዳድን በሽታ ታግሦ እስከ ፋማካ ደረሰ፤ የሚመኘው አገር ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር። ነገር ግን መንገዱ ተዘጋ። በሱዳንም የማህዲ ሁከት ተነሥቶ ነበርና፥ በ1882 ታሞና ደክሞ በካርቱም በኩል ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተመለሰ። በሌላም ጊዜ እንደ ገና ተነሥቶ እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ ወደ ፊት የሚያልፍበት ፈቃድ ግን አላገኘም፤ ያን ሁሉ መንገድ ባዶ እጁን ተመልሶ መጣ።

በዚህ ጊዜ ተስፋ መቍረጥ የሚናገረው ሁሉ እውነት ይመስል ነበር። በምዕራብ ጦርነት አለ፤ በመካከል ክልከላ አለ፤ ገንዘብና ዕድሜ በከንቱ አለቀ። ኦኔሲሞስም መንገዱ እንደ ተዘጋ ዐወቀ፤ የተከፈተ ነው ብሎ ራሱን አላታለለም። ነገር ግን መንገዱ ተዘጋ ማለት ሥራው ሁሉ ተዘጋ ማለት እንዳልሆነ አስተዋለ። ሰው የማይገባበት ደጅ መጽሐፍ ይገባበታልና፥ በእምኩሉ ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። አስቀድሞ የመዝሙር መጽሐፍ፥ ቀጥሎም ሌሎች የማስተማሪያ መጻሕፍት ወደ ኦሮምኛ መለሰ። በሕፃንነቱ ወላጆቹ ያወጡለት ስም እንግዲህ ሥራው ሆነ።

ይህም ሥራ ቀላል አልነበረም። ኦኔሲሞስ ከአገሩ የተነጠቀ በልጅነቱ ስለ ሆነ፥ የሚያውቀው ኦሮምኛ የልጅ ቋንቋ ነበር፤ ለሕግና ለምሳሌ፥ ለትንቢትና ለጥበብ የሚሆነው የሽማግሌዎች ቃል ጐደለው። የግእዝ ፊደልም የኦሮምኛን ረጅምና አጭር ድምፅ ሁሉ ለይቶ ለማሳየት አይበቃም ነበር። የሚበልጠውን ረድኤት ያገኘው እንደ እርሱ ከባርነት ከወጣች ሴት ነው። አስቴር ጋኖ የተባለችው ይህች የኦሮሞ ልጅ፥ በባሕር ተጭና ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ፥ በ1886 የኢጣልያ መርከበኞች ነጻ አወጧትና በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። አእምሮዋ ብሩህ፥ የአገርዋንም ቋንቋ አጥርታ የምታውቅ ነበረች። ብዙ ቃላትን ሰበሰበች፤ ተረትና ምሳሌ፥ ዘፈንና ታሪክ ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች። ባሪያ ፈንጋዮች ከሁለቱ ሁሉን ወስደው ነበር፤ ቋንቋቸውን ግን ሊወስዱ አልቻሉም፤ እነርሱም በቀረላቸው በዚያ ሀብት ሠሩ።

ሥራውም በየጥቂቱ ፍሬ አፈራ። በ1893 አዲስ ኪዳን ታተመ። በ1894 ከአስቴር ጋር ያዘጋጁት፥ ተረትና ዘፈን ያለበት የማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር፥ በባዝል ከተማ አጠገብ፥ ቅድስት ክሪሾና በተባለው ስፍራ ታተመ። የመጀመሪያው ጕዞ ከከሸፈ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኖ ነበር። በ1882 መንገዱ ቢከፈትለት ኖሮ ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ሳይዝ በገባ ነበር፤ የተዘጋው መንገድ ሥራውን አዘገየው እንጂ አላጠፋውም።

በ1904 ኦኔሲሞስ አስቴርንና ሌሎች ባልንጀሮቹን ይዞ ወደ ወለጋ ገባ፤ ከተነጠቀ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። አስቀድሞ በቦጂ፥ ኋላም በነቀምቴ ተቀመጠ። የወለጋው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ በፊተኛ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፥ በደስታ ተቀበሉት፤ ትምህርት ቤትም ከፈተ። ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ያስተምር ነበርና ብዙ ሰው ወደ እርሱ መጣ። ነገር ግን ገና ሥራው ሳይጸና ክስ ተነሣበት። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ ከአገር እንዲወጣ ተፈረደበት። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው፥ ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ፥ ነገር ግን እንዳይሰብክ አዘዙ።

ሽማግሌ ለመሆን ለቀረበ ሰው ይህ ከባድ ፈተና ነው። ዕድሜውን ሁሉ የተመኘው አገር ከገባ በኋላ አፉ ተዘጋ። እርሱ ግን የተከለከለውን ትቶ የተፈቀደለትን ያዘ፤ በትምህርት ቤቱ ልጆችን ማንበብና መጻፍ ያስተምር ጀመር። በዐደባባይ መናገር ባይችል፥ የሚያነቡ ልጆች በየቤታቸው መጻሕፍቱን ይከፍቱ ነበር። እንዲህም እየሠራ ዐሥር ዓመት ታገሠ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክን ፈቃድ ሰጡት። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል አስተምሮ፥ በ1931 በሰኔ ወር በነቀምቴ ዐረፈ።

የዘራው ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። ያስተማራቸው ልጆች ሌሎችን አስተማሩ። በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትቋቋም፥ በወለጋ የነበሩት ማኅበሮች ከመሠረቶችዋ ዋነኞቹ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመትም መምህራንን የሚያስተምር ሴሚናሪ ተከፈተ፤ እርሱም በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በመካኒሳ ሰፈር ይገኛል። በባርነት ገበያ ዋጋ የተቈረጠለት ልጅ የጀመረው ትምህርት፥ ከሞተ በኋላ የዋና ከተማይቱ ደቡብ ድረስ ደረሰ።

ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፥ በጎ ተስፋ ችግርን አለማየት አይደለም፤ ኦኔሲሞስ የባርነትን፥ የበረሃንና የፍርድን መራራነት ከብዙ ሰው ይልቅ ያውቅ ነበር። በጎ ተስፋ ችግሩን አይቶ በቀረው ነገር መሥራት ነው። ሁለተኛ፥ በጎ ተስፋ ብቻውን አይቆምም፤ ኦኔሲሞስ ያለ አስቴር ጋኖ ቃል ሥራው ጐደሎ በሆነበት ነበር። ተስፋ ያለው ሰው የጐደለውን ያምናልና ረዳት ይፈልጋል፤ ተስፋ የቈረጠ ግን ለሚተወው ሥራ ረዳት አያስፈልገውም። ሦስተኛ፥ ጸንቶ የሚኖር ዕድገት በአንድ ቀን አይመጣም፤ ከመጀመሪያው ጕዞ እስከ ወለጋ መግባት ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ፤ እያንዳንዱም ዓመት የራሱን ሥራ ሠራ።

ተስፋ መቍረጥ በፋማካም፥ በእንጦጦም፥ በፍርድ ፊትም ችግሩን በትክክል ቈጥሮ ነበር። ነገር ግን ያን ሁሉ ቈጥሮ ለማንም አንድ ፊደል አላስተማረም። በጎ ተስፋ ስለ መንገዱ ደጋግሞ ተሳሳተ፤ በመጨረሻ ግን መጽሐፉን በልጆች እጅ ላይ አኖረ። እንግዲህ በፊቱ የተዘጋ ደጅ የሚያይ ተማሪ፥ ስለ መዘጋቱ አይከራከር፤ ይልቅስ እስኪከፈት ድረስ ምን ሊሠራ እንደሚችል ይጠይቅ።