ከቅኔ ቤት እስከ ማተሚያ ቤት፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ፍላቂት የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። ጎረቤቷ ዋድላ በቅኔ ትምህርት ስሙ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር አብሮ የሚጠራ አገር ነው። በዚያ ደጋ ብርዱን በደበሎ እየተከላከለ የሚማረው የቅኔ ተማሪ፣ ከሰው ተለይቶ በዛፍ ሥር ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩ ያርመዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጓደኞቹ እየሰሙ ያፈርስበታል። ተማሪው ግን በማግሥቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎም ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን መወድስ አምጣ የሚል መምህር የለም።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ጽፈው ጽፈው ወረቀቱን በመሳቢያ የሚቆልፉ ወጣቶች በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ብዙ ናቸው። በራሴ የምተማመንበት ቀን ሲመጣ አወጣዋለሁ ይላሉ። እኛ ግን ያ ቀን ተቀምጠው ሲጠብቁት የሚመጣ አይመስለንም። ስለዚህም ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው በአማርኛ ከ20 በላይ መጻሕፍት የደረሱትን የብላቴን ጌታ ኅሩይን ሕይወት ለመመልከት ወደድን።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው ስለ ሞቱባቸው ኑሯቸውን በራሳቸው ድካም ማቅናት ነበረባቸው። በእንጦጦ ራጉኤል ተምረው በጸሐፊነት ሥራ ገቡ። የጸሐፊ ሥራ በዚያን ጊዜ የሌላውን ሰው ቃል አሳምሮ ማስፈር እንጂ የራስን አሳብ መናገር አልነበረም። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ ዘውድ ሲጭን ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ወደ ሎንዶን ሄደው አውሮፓን አዩ።

አሁን የሚያስደንቀው ነገር ይመጣል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ስለ ራሱ ጉዞና ጥበብ ትልቅ መጽሐፍ ይጽፋል ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል። ኅሩይ ግን በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት የሚቈጥር መዝገብ ነው። ሌሎች የጻፉትን ቈጠሩ። ሥራው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አገሩ ምን እንዳለው፣ ምንም እንደ ጐደለው ለይቶ ያወቀ ሰው በየትኛው በኩል ብዕሩን ማንሣት እንዳለበት ያውቃል። ይህ የኅሩይ ጉባኤ ቃና ነበረ ብንል አላጋነንንም።

ከዚያም በ1910 ዓ.ም. ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያን፣ በ1915 ዓ.ም. ወዳጄ ልቤን አወጡ። በዚያው ዓመት ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ በርእሱ ላይ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ መሆኑን ይናገራል። ማንበብ የሚችለው ሰው እጅግ ጥቂት በነበረበት አገር፣ ገና ላልተወለደ አንባቢ መጻፍ ምን ያህል እምነት እንደሚጠይቅ አንባቢያችን ይፍረድ። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው አሳተሙ፤ በቅኔ ቤት በቃል ሲወራረስ የኖረው በዚህ መንገድ በማተሚያ ቤት አለፈ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራ ፈት አልነበሩም። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ በልዩው ፍርድ ቤት ዳኝተዋል፤ ከ1923 እስከ 1928 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ በዚያው ዓመት ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓንን ለአንባቢ አቀረቡ። የቢሮ ሥራ ጊዜ አሳጣኝ የሚል ወጣት ሹም ይህን ዝርዝር ደግሞ ቢያነበው አይከፋም። ጎሐ ጽባሕ የተባለውንም ማተሚያ ቤት ራሳቸው አቋቋሙ።

ወደ ልብ ወለድ የመጡት ዘግይተው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት መጽሐፍ መንገዱን ከፍቶ ነበር። የኅሩይ የልብ አሳብ የወጣው ግን በ1923 ዓ.ም.፣ እርሳቸው 53 ዓመት ሲሆናቸው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ ዓለም ተከተለ። በአማርኛ ውበት አፈወርቅ ይበልጣሉ፤ የኅሩይ ልብ ወለድ ምክር ይበዛበታል፤ ይህን አንደብቅም። ነገር ግን በአዲስ ዓለም ውስጥ የተሣለው የተጉለቱ ልጅ አወቀ ሊረሳ አይችልም። ከፈረንሣይ አገር ተምሮ ሲመለስ የገጠመው ትልቁ ፈተና የዘመዶቹና የጎረቤቶቹ ሐሜት ነው። አባቱ ሲሞቱ እንደ ልማዱ ሰውን በሥጋና በጠጅ የሚያጠግብ ተዝካር ለመደገስ አልፈቀደም፤ በሠርጉም እንዲሁ። ንቀቱን ቻለው እንጂ ተሳድቦ ከአገሩ አልወጣም፤ ልማዱን ግን አልተቀበለም። ለድግስ ሲባል በሬውን የሸጠ፣ ዕዳ የገባ ሰው በመቄትም ሆነ በላስታ ለሚያውቅ አንባቢ፣ እንዲህ ያለው አቋም በጦር ሜዳ ከመቆም የሚቀል እንዳልሆነ መንገር አያሻም። ኅሩይም ይህን የጻፉት መኳንንቱ ከሚያነቡበት፣ ካህናቱም ከሚሰሙበት ከተማ መካከል ተቀምጠው ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገሩን ሲይዝ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በጣሊያኖች እጅ ተገደለ። እርሳቸውም የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ ዐረፉ፤ ዐፅማቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አገሩ ገባ። ለብዙ ጊዜ የደከሙበት የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በመታተም ላይ ሳለ በወረራው ተቋርጦ ቀርቶ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ታትሞ፣ ማስታወሻ ይሁናቸው ብለው የጻፉላቸው የኋላ ዘመን ልጆች ዛሬ ያነቡታል።