አባያን «ማርጋሪታ» ብሎ የሰየመው ሰውዬ

አርባ ምንጭ ሴቻ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ፣ መሃላቸው ደግሞ የእግዜር ድልድይ ይታያችኋል። የድሮ የአውሮፓ ካርታ ብትከፍቱ ግን አባያ «ማርጋሪታ»፣ ጫሞ ደግሞ «ሩስፖሊ» ተብለው ታገኟቸዋላችሁ።

እንዴት? ነገሩ ቪቶሪዮ ቦቴጎ ከሚባል ጣልያናዊ ጋር የተያያዘ ነው።

ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1860 ሰሜን ጣልያን ፓርማ ውስጥ ተወለደ። የመድፈኛ መኮንን ነበር። ጣልያን ኤርትራን ስትይዝ እዚያ አገለገለ፤ የአፍሪካ ጉዞም ያኔ ልቡን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1892 ለመጀመሪያ ጊዜ ጉዞ ወጥቶ የጁባን ወንዝ መነሻ ፈለገ። ስሙም በሀገሩ ገነነ።

ሁለተኛው ጉዞው ነው ወደኛ ያመጣው። እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ ከሶማሌ ጠረፍ ከብራቫ ተነሳ። ቫኑቴሊና ቺተርኒ የሚባሉ ሁለት መኮንኖች፣ ሳኪ የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ እንዲሁም 250 የሚሆኑ የታጠቁ ወታደሮች ነበሩት። ስሙ የጥናት ጉዞ ቢሆንም አካሄዱ የጦር ነበር። በመንገዳቸው ከነዋሪው ጋር ተታኩሰዋል፤ ለስንቃቸውም የሰው ከብት ነድተዋል።

በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል ከተገኘ ሁለት ወር ገደማ በኋላ ቦቴጎ አባያ ዳር ደረሰ። ያኔ አርባ ምንጭ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ሐይቁ ግን ባለቤት ነበረው። በደጋው ጋሞዎች ያርሳሉ፣ ይሸምናሉ፤ በጊዲቾ ደሴት ደግሞ በውሃው ላይ በጀልባ የሚኖር ሕዝብ አለ። ቦቴጎ ይህን ሁሉ እያየ ሐይቁን በጣልያን ንግሥት በማርጋሪታ ስም ጠራው። ጫሞም በጣልያኖች ካርታ ላይ በልዑል ሩስፖሊ ስም ገባ። ሩስፖሊ ከቦቴጎ በፊት ወደ ደቡብ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን የገደለው የ27 ዓመት ወጣት ነው።

ቦቴጎ ከዚህ ወደ ኦሞ ወረደ። የዚያን ጊዜ የአውሮፓ ጂኦግራፊ ሰዎች ኦሞ የት እንደሚያበቃ ይከራከሩ ነበር። እሱ ወንዙን ተከትሎ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። ይህ እውነተኛ ሥራው ነው፤ ማንም አይነጥቀውም።

ሳኪ የተሰበሰበውን ቅርስ ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገደለ። ቦቴጎ ራሱ ደግሞ በምዕራብ በኩል ወደ ወለጋ ገባ። ጊዳሚ አጠገብ ዳጋ ሮባ በተባለ ቦታ የደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ጦር ከበበው። እጁን አልሰጠም፤ ተኩስ ከፈተ። በመጋቢት 1889 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ እዚያው ቀረ። ቫኑቴሊና ቺተርኒ ተማርከው ወደ አፄ ምኒልክ ተወሰዱ፤ በኋላም ተለቀቁ። ሀገራቸው ገብተው የጉዞውን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ።

ዛሬ ፓርማ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት እ.ኤ.አ. በ1907 ኤቶሬ ሺሜኔስ የሠራው የቦቴጎ ሐውልት ቆሟል። እሱ ከላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከእግሩ ስር ደግሞ ሁለት አፍሪካውያን አሉ። አንዱ ጁባን፣ ሌላው ኦሞን እንዲወክሉ ነው የተቀረጹት። አዎ፣ የኛው ኦሞ! በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥም በስሙ የሚጠራ ስብስብ አለ። በቅርብ ዓመታት እዚያው ፓርማ ውስጥ ሐውልቱ ይነሳ የሚሉ ድምፆች ተሰምተዋል።

እኛስ? «ማርጋሪታ» ለአስርት ዓመታት በካርታ ላይ ኖሮ ጠፋ፤ አባያ ግን አባያ ሆኖ ቀረ። ስሙን ያቆየው ሐውልት ሳይሆን በየቀኑ የሚጠራው ሰው ነው።

አሁን ከአርባ ምንጭ ተነስተው ወደ ጂንካና ኦሞ የሚወርዱ ቱሪስቶች ቦቴጎ ካለፈበት ምድር ብዙም አይርቁም። የአዞ ገበያን ለማየት ጫሞ ላይ ጀልባ ስትሳፈሩ ወይ እንግዳ ስታስጎበኙ ይህንን ታሪክ ንገሯቸው። ግን ታሪኩን ከቦቴጎ አትጀምሩት፤ እሱ ሲመጣ ሐይቁ ዳር ከነበሩት ሰዎች ጀምሩ።

በእናንተ አካባቢ አያቶቻችሁ ስለ አባያና ጫሞ ስም አመጣጥ ምን ይላሉ? ኮመንት ላይ ጻፉልን 👇