ፍራንቼስኮ ፔትራርካና የቄሣሮች መልክ

ባለቅኔው ፍራንቼስኮ ፔትራርካ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1304 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር አሬትሶ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የውል ጸሓፊ ነበረ፤ በወገን ጠብ ምክንያት ከፊሬንሴ ተሰዶ የወጣ ሰው ነው። በዚያን ዘመን የሮማው ፓፓ መንበር በአቪኞን ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ ወደዚያ ተሻገረ። ልጁ ሕግ እንዲማር ወደ ሞንፔልዬ፥ ኋላም ወደ ቦሎኛ ተላከ፤ ልቡ ግን ከሕጉ ይልቅ በቀደሙት የሮማ መጻሕፍት ተይዞ ነበረ። አባቱ በ1326 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ሕጉን ትቶ፥ በሮማ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከዲቁና በታች ያለውን ማዕርግ ተቀብሎ በአንድ ካርዲናል ቤት አገልጋይ ሆነ። ታናሽ ወንድሙ ጌራርዶ በ1343 ዓ.ም. መነኰሰ። ፔትራርካ ግን ዓለሙንም ዝናውንም ለመተው አልተቻለውም፤ ይህም ነገር ኅሊናውን ብዙ ጊዜ ይወቅሰው ነበረ። በ1341 ዓ.ም. በሮማ፥ በካፒቶል ኮረብታ ላይ፥ የባለቅኔዎችን አክሊል ተቀዳጅቶ ነበረና።

ሮማ በዚያን ጊዜ ብዙው ክፍሏ ፈርሶ የወይን ቦታና የከብት ማሰማሪያ ሆኖ ነበረ። የወይን ቦታ ቈፋሪዎች ከመሬት ውስጥ የከበረ ድንጋይ ወይም የጥንት ወርቅ ዲናር ሲያገኙ፥ አንዳንዱም በዶማ ጥርስ የተቧጨረ ሲሆን፥ በእጃቸው ይዘው ወደ ፔትራርካ ይመጡ ነበረ። እንዲገዛቸው ይለምኑታል፤ ወይም የተቀረጸው መልክ የማን እንደ ሆነ ይጠይቁታል። የቄሣር መልክና ጽሕፈት በዲናር ላይ መኖሩን ወንጌል ያነበበ ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ዲናሩን ያነሣ የነበረው ወርቁን ለመመዘን ነው። ፔትራርካ ዲናሩን እንደ ታሪክ ምስክር ቈጠረው። ስዌቶንዮስ የተባለው ጸሓፊ ስለ ቬስፓስያኖስ፥ ይኸውም በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ስላጠፋው ስለ ጥጦስ አባት፥ ፊቱ ሲታገል እንደሚያምጥ ሰው ፊት ነበረ ብሎ ጽፏል። ፔትራርካም ይህን ቃል በወርቅ ዲናር ላይ ካለው መልክ ጋር አስተያይቶ የተስማማ ሆኖ አገኘው።

በ1354 ዓ.ም. መጨረሻ ካርል 4ኛ ዘውድ ሊጭን ወደ ሮማ ሲጓዝ በማንቱዋ ከተማ አስጠራው፤ ስለ ታላላቅ ሰዎች የሚጽፈውንም መጽሐፍ ጠየቀው። ፔትራርካ መጽሐፉ አላለቀም ብሎ፥ ከሚወዳቸው የወርቅና የብር ዲናሮች መርጦ ሰጠው። ከእነርሱም መካከል ሊተነፍስ የደረሰ የሚመስል የአውግስጦስ ቄሣር መልክ ነበረበት። የእያንዳንዱን ሥራ ተረከለትና፥ በወንበራቸው የሚቀመጥ ሥራቸውን ሊከተል እንደሚገባው አሳሰበው። ስጦታው ተግሣጽ ነበረ። ንጉሡ በሚያዝያ 1355 ዓ.ም. ዘውዱን ጭኖ ወዲያው ሮማን ትቶ ቢመለስ፥ ፔትራርካ በደብዳቤ አጥብቆ ወቀሰው። ንጉሡ ግን ቂም አልያዘም፤ በ1356 ዓ.ም. በፕራግ በክብር ተቀበለው።

ጥቂት ዓመታት ቈይቶ የንጉሡ አማች፥ የኦስትርያው መስፍን ሩዶልፍ 4ኛ፥ የአገሩን ነጻነት የሚመሰክሩ የጥንት ደብዳቤዎች አሉኝ ብሎ ተነሣ። ከእነዚህም ሁለቱ በዩልዮስ ቄሣርና በኔሮን ስም የተጻፉ ነበሩ። እውነተኞች ቢሆኑ ንጉሠ ነገሥቱ በኦስትርያ ላይ ያለው ሥልጣን ይጐድል ነበረ፤ ሐሰተኞች ናቸው ማለትም አማችን ማሳፈር ነው። ካርል የደብዳቤዎቹን ቃል በሚላኖ ወደሚኖረው ወደ ፔትራርካ ላከ።

ፔትራርካ በዲናር ላይ መልኩንና ስሙን ለማስተያየት የለመደ ሰው ነበረና ነገሩ አልከበደውም። ዩልዮስ ቄሣር በደብዳቤው እንደ ኋለኞቹ ነገሥታት ራሱን እኛ ይላል፤ እውነተኛው ቄሣር ግን እኔ ብሎ ይጽፍ ነበረ። አውግስጦስ ተብሎም ተጠርቷል፤ ይህ ስም የጀመረው ከእርሱ በኋላ በነገሠው ነው። በታሪክ የማይታወቅ አጐትም ተጠቅሷል። ቀኑ ዓርብ ይላል እንጂ ከወሩ ስንተኛው ቀን እንደ ሆነ፥ ቆንሲሎቹም እነማን እንደ ነበሩ አልተጻፈም፤ ይባስ ብሎ በመንግሥቱ አንደኛ ዓመት ይላል፥ ቄሣር የንጉሥን ስም የሸሸ ሰው ሆኖ ሳለ። ኦስትርያም የምሥራቅ ምድር ተብላለች፤ ለጀርመን ሰው ምሥራቅ ናት፥ በሮማ ለተቀመጠ ግን ሰሜን ናት። የኔሮንም ደብዳቤ ከዚህ አይሻልም ነበረ። መጋቢት 21 ቀን 1361 ዓ.ም. ሁለቱም ሐሰት መሆናቸውን ጽፎ ላከ፤ ካርልም አላጸናቸውም።

ይህ ሰው ሳይሳሳት ኖረ ማለት አይደለም። በሮማ ያለውን የኬስትዮስን መቃብር፥ የባለቤቱ ስም በትልልቅ ፊደላት ተቀርጾበት ሳለ፥ የሕዝቡን አፍ ተከትሎ የሬሙስ መቃብር ነው ብሏል። በፓዶቫም ሊቪዮስ የሚል ስም ያለበትን የአንድ ነጻ የወጣ ባሪያ የመቃብር ድንጋይ የታሪክ ጸሓፊው የሊቪዮስ መስሎት ነበረ። የሚወደውን ስም ሲያይ መመርመሩን ይረሳ ነበረ ማለት ይቻላል። በ1358 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የሚላኖ ወዳጁ ወደ ጌታችን መቃብር አብሮት እንዲሄድ ቢለምነው፥ ባሕር ስለ ፈራ ቀርቶ የመንገድ መጽሐፍ ጻፈለት። የኢጣልያን ዳርቻ ስለሚያውቀው በሰፊው ተረከ፤ ያላየውን ቅዱስ ምድር ግን ከመጻሕፍት ያገኘውን ብቻ ይዞ በአጭሩ አለፈ።

ፔትራርካ በሐምሌ 1374 ዓ.ም. በአርኳ መንደር ዐረፈ። የሩዶልፍ ደብዳቤዎች ግን አልሞቱም። በ1453 ዓ.ም. ከዚያው ከሩዶልፍ ወገን የነገሠው ፍሬድሪክ 3ኛ የኦስትርያን ነጻነት በእነርሱ አጸና። ከሁለቱ ደብዳቤዎች ጋር የቀረቡት የሌሎቹ ነገሥታት ጽሑፎችም የፈጠራ መሆናቸውን ቫተንባኽ የተባለ የጀርመን ሊቅ በ1852 ዓ.ም. ገለጠ፤ ይኸውም ፔትራርካ ከሞተ ከ478 ዓመት በኋላ ነው።