ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፤ የንጽጽር ብዕርና የአንድ ሰው ዕድል

ከመርሳ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ውጫሌን አልፎ ይሄዳል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ ሳቢያ የጦርነት ምክንያት ሆነ። የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በጣሊያን መንግሥት መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ የጣሊያንኛው ቅጂ ነገሩን ግዴታ አደረገው። የጠቡ ቁልፍ አንድ ግሥ ነበር። በዚያው ዘመን ሥዕል እንዲማር ወደ ጣሊያን የተላከ አንድ ወጣት፣ ኋላ ስለ አማርኛ ግሥ ራሱን የቻለ መጽሐፍ በጣሊያንኛ የሚጽፍ፣ የአማርኛንም ልብ ወለድ የሚጀምር ሰው ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ ዙሪያው የጣና ውሃ፣ ውስጡ የቡና ደን፣ የቤተ ክርስቲያኖቹ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ አገር ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ከፊደል ጋር እኩል ቀለምን ያነባል፤ ንግግርንም ሰምና ወርቁን ለይቶ መስማት ይለምዳል። በአባታቸው በኩል ከየጁ መሳፍንት ከሚወለዱት ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ዝምድና እንደ ነበራቸው ይነገራል። ወደ ቱሪን የሥዕል ትምህርት ቤት ተልከው ተምረው ሲመለሱም በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥራ ተሰጣቸው። ይሁንና ቤተ መንግሥቱ አልተስማማቸውም።

በ1886 ዓ.ም. የምኒልክ አማካሪ በነበረው በስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ከራስ ዳርጌ ልጅ ከጉግሣ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊስ ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ ስማቸውን ተከትሎ የሚሄድ ጉዳይ ነው። ውጫሌ ላይ የተጀመረው ጠብ ወደ ዓድዋ ሲያመራ፣ አፈወርቅ ከኒውሻቴል ወጥተው ወደ ጣሊያኖች ጎን ዞሩ። አገራቸው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል ስታደርግ እርሳቸው ከተሸናፊው ወገን ነበሩ። የጣሊያን ሚስት አግብተው ኑሯቸውን እዚያው መሠረቱ።

ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮ በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም የፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ረዳት ሆነው አማርኛ አስተማሩ። በ1897 የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1900 የመንገደኞች መምሪያ፣ በ1903 የአማርኛ ግሥ መጽሐፋቸው ታተሙ። መምሪያው ለስሙ ለተጓዥ የተዘጋጀ የፈረንሳይኛና የአማርኛ መነጋገሪያ ነው። በውስጡ ግን በእንግዳና በአገሬው ሰው ጭውውት ተሸፍኖ የአገሩን አስተዳደር የሚነቅፍ ሐሳብ ገብቷል። ይህ ወርቁን በሰም የመሸፈን ልማድ በሌሎቹም መጻሕፍታቸው አልተለያቸውም።

በ1900 ዓ.ም. በሮማ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ርእስ የታተመችው ትንሽ መጽሐፍ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ናት። በጦርነት የተማረከ የክርስቲያን ጦር አዛዥ በአንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ነፃ ይወጣል፤ ልጁ ዋሕድ ውለታውን ሊመልስ ወጥቶ በባርነት ይሸጣል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባትዋ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። በመጨረሻ አረመኔው ንጉሥ ክርስትና ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል፤ ዋሕድም የንጉሡን ዘመድ። አጋጣሚው ከልክ ያለፈ፣ ሰዎቹም ከበጎነት ወይም ከክፋት በቀር ሌላ ጠባይ ያልተሰጣቸው መሆናቸው ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ታሪኩ የሚንቀሳቀስበትን ኃይል ያስተዋለ አንባቢ ጥቂት ነው። ይህ ኃይል መመሳሰል ነው። ሴቲቱ ወንድ ትመስላለች፤ የንጉሡ ዘመድ በመልኳ ተታልላ ትወዳታለች። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «እንደ» የሚለው ቃል የሚሠራውን ሥራ በትልቁ ታሪክ ውስጥ የጦቢያ የወንድ ልብስ ይሠራዋል።

በዓረፍተ ነገር ደረጃም አፈወርቅ ሠዓሊነታቸውን አልረሱም። የቀድሞው የአማርኛ ውዳሴ ለጀግና አንበሳን፣ ለቆንጆ ጨረቃን ይሰጥና በዚያው ያበቃል፤ ማነጻጸሪያው የታወቀ ስለሆነ አድማጩ ቆም ብሎ አያየውም። አፈወርቅ ግን አንዱን ማነጻጸሪያ በሌላው ላይ ይደርባሉ። መልክን ሲገልጹ እንደ ሠዓሊ ከአንድ ጫፍ ጀምረው ሁለተኛ ሦስተኛ ቀለም እየጨመሩ ይሄዳሉ፤ ሐዘንን ወይም የጦር ሜዳን ሲያነሡም እንዲሁ። አንዳንዴ ይበዛል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ቀለም የተቀባበት ሸራ ይመስላል። ቢሆንም ያን ጊዜ አማርኛ በስድ ንባብ ታሪክን ለደስታ ሲተርክ ገና ጀማሪ ነበር፤ የቃላቱም ሀብት ከግእዝም ከሕዝብ አነጋገርም የተቀዳ ስለሆነ ዛሬ የሚያነበው ሰው መዝገበ ቃላት ማገላበጡ አይቀርም።

ወልድያም ሆነ መርሳ ዘይቤን የሚያስተምር መምህር ከዚህ መጽሐፍ አነጻጻሪውን፣ ተለዋጩን፣ ሰውኛውን እያወጣ በሰሌዳ ላይ ቢዘረዝር ሥራውን ሠርቷል ሊባል ይችላል። ነገር ግን ይህ ከሸማው ጥለቱን ቀዶ እንደ ማሳየት ነው። የመጽሐፉ ታላቅ ተለዋጭ ዘይቤ የልጅቱ ስም ነው። ጦቢያ የኢትዮጵያ ስም የሕዝብ አጠራር ነው። እንዲህ ከተነበበ ተማራኪው አባት፣ የተሸጠው ወንድም፣ በጠላት አገር ማንነቷን ደብቃ የምትኖረው ልጅ ሁሉ ሌላ ትርጉም ይይዛሉ። ጸሐፊው ከአገራቸው ርቀው፣ ከጠላቷ ደመወዝ እየተቀበሉ ይህን ስም መምረጣቸው ከማንኛውም ዓረፍተ ነገራቸው የበለጠ የሚያስብ ነገር ነው።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1901 ዓ.ም.፣ «ዳግማዊ ምኒልክ» ወጣ። እዚህ ያው ብዕር ሌላ ሥራ ያዘ። በልብ ወለዱ ዓይን የሚከፍተው ንጽጽር በታሪክ መጽሐፉ ፍርድን ይቀድማል፤ ብርሃኑ ሁሉ በምኒልክ ላይ ይወርዳል፣ ጥላው በዐፄ ቴዎድሮስና በዐፄ ዮሐንስ ላይ ይወድቃል። አንባቢው ማስረጃውን ከማየቱ በፊት በማነጻጸሪያው ተረትቷል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ብዙም ሳይቆዩ ስለ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ጽሑፍ ይህን አድልዎ ነቅፈዋል። የእርሳቸው አማርኛ ደረቅና ጌጥ የሌለው ነው፤ ነቀፌታውም የታሪክ ብቻ ሳይሆን የአጻጻፍም ነበር ማለት ይቻላል። ዓድዋ ላይ ከጠላት ወገን የነበረ ሰው ለዓድዋ ድል አድራጊ ይህን ያህል ውዳሴ ማቅረቡ የመታረቂያ እጅ መንሻ እንደ ነበር መጠርጠር አያስቸግርም።

ዕርቁም በመጨረሻ ተገኘ። ከምኒልክ ሞት በኋላ በአሥመራ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ በ1910ዎቹ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ፤ የጣሊያን ወረራ በተቃረበባቸው ዓመታት በሮማ የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ነበሩ። በዚያ ወንበር መቀመጣቸው ወረራው በመጣ ጊዜ የሆነውን ያከብደዋል። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ብዕራቸውን ለወራሪው ሰጡ፤ «አፈ ቄሣር» የሚለውንም ማዕረግ ተቀበሉ። አባት እናታቸው ያወጡላቸው ስም በራሱ ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ አፉን ወርቅ ያደርገዋል። አዲሱ ማዕረግ አፉን አስቀርቶ ወርቁን በቄሣር ተካው። በጫካ ያሉ አርበኞች የሚሰሙት ፉከራና ቀረርቶ በዚያው በአንበሳና በነብር ንጽጽር ተሞልቶ ሳለ፣ ከአማርኛ ጸሐፊዎች ሁሉ በንጽጽር የበለጸጉት ሰው ለሌላ ጌታ ያወድሱ ነበር። ስለ ዘይቤ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ይህን ገጽ ዘልሎት ያልፋል፤ መዝለሉ ግን ሰውየውን አይጠቅመውም፣ መጽሐፉንም አያስረዳም።

ከነፃነት በኋላ ተይዘው ወደ ጅማ ተጋዙ። እንደሚነገረው በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። በመስከረም 1940 ዓ.ም. በዚያው ሞቱ።

መጽሐፏ ኋላ በአገር ውስጥ «ጦቢያ» በሚል ርእስ ታትማ በትምህርት ቤቶች ተነበበች። የሮማው ርእስ ግን አልጠፋም። ከእርሳቸው በፊት አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ስም አልነበረውም። በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የተጻፈው፣ ልብን ወላጅ አድርጎ የሚያቀርበው ዘይቤ፣ ከሐዲስ ዓለማየሁ እስከ በዓሉ ግርማ የጻፉት ሁሉ የሚጠራበት ቃል ሆኖ ቀረ። ቃሉን ዛሬ የሚናገር ሰው ዘይቤ መሆኑን አያስተውለውም፤ ማን እንዳወጣውም አይጠይቅም።