ዐፄ ቴዎድሮስና የገበሬው ጎተራ

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነገር ሴባስቶፖል መድፍና የመቅደላው ሽጉጥ ይነሣሉ። ጦራቸውን ያበላው ገበሬ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ የተወለደው ካሣ ኃይሉ ያደገው በዘመነ መሳፍንት ነው። በዚያ ዘመን ወታደር በደረሰበት አገር በገበሬ ቤት ይመራል፥ እህሉን ያስፈጫል፥ በሬውን ያርዳል። ጦሩ የወዳጅም ይሁን የጠላት ለጎተራው ያው ነበር። ካሣ በቆላ ሸፍቶ ሳለ ከዘረፈው ገንዘብ ለገበሬዎች ማረሻ መግዣ እንዳከፋፈለ ዜና መዋዕሉ ይተርካል። ማረሻ የሚያድል ሽፍታ መቼም ብርቅ ነው!

በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ሊነቅሉት ተነሡ። ወታደሩን በዐሥር አለቃ፥ በሃምሳ አለቃ፥ በመቶ አለቃና በሻለቃ ከፈሉት፤ ደመወዝ በገንዘብ እየተቀበለ ከገበሬው ላይ እንዲወርድ አሰቡ። ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ዓይናቸው በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ዐረፈ። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፥ የቀረው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ ብለው ፈረዱ። ካህናቱ አኰረፉ፤ የካህናቱ ኵርፊያ ደግሞ ወደ ሕዝቡ ገባ።

በእኔ አስተያየት የንጉሡ መከራ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሸዋ፥ ላስታና ወሎ ሲሸፍቱ ግብር ቀረ፤ ግብር ሲቀር ደመወዝ ቀረ፤ ወታደሩም ወደ ጎተራው ተመለሰ። አሁን ግን የሚዘርፈው በንጉሡ በራሳቸው ትእዛዝ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች፤ ታማኙ በጌምድርም ተራቈተ። ገበሬው እርሻውን ጥሎ ሸሸ፥ ከጦሩ ተነጥሎ ያገኘውን ወታደር ገደለ። ወታደሩም ሌሊት ሌሊት እየከዳ አለቀ።

የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት ሰር ሮበርት ናፒየር በ1860 ዓ.ም. በዙላ በኩል ሲመጣ ከህንድ 44 ዝሆኖች አስመጥቶ ነበር። ይበልጥ የጠቀመው ግን የማርያ ትሬዛ ብር ነው። ገብስ፥ ሣርና እንጨት ላመጣ ባላገር ዋጋው በእጁ ይቈጠርለት ነበር። ይህ ከደግነት የመጣ አይመስለኝም፤ ከጦሩ ኋላ የለንደንና የህንድ ግምጃ ቤት ነበረ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ያጡትም ይህንኑ ነው። ቢሆንም ባላገሩ መንገድ አልዘጋበትም።

በስቅለት ዕለት የንጉሡ ጦር በአሮጌ ተሸነፈ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ስትያዝ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። በመንገዱ ሁሉ ለሣር እንኳ ዋጋ የከፈለው ጦርም አምባው ላይ ሲወጣ የብራና መጻሕፍቱንና የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ዘረፈ። ምርኮው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወርዶ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ።