የአጼ ካሌብ ዘውድና መቃብር



እኛ የእድር ሰዎች ነንና ወሬያችን ከመቃብር ቢጀምር አይፈረድብንም። አክሱም የሄደ ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የነገሥታት መቃብሮች ያያል። አንደኛው የአጼ ካሌብ፣ ሁለተኛው የልጃቸው የአጼ ገብረ መስቀል ይባላል። ከመሬት በታች ያለው ክፍል በትልልቅ ጥርብ ድንጋይ ተገጥሞ የተሠራ ነው። በካሌብ በኩል ግን የላይኛው ሕንጻ ሳያልቅ ቀርቷል፤ የአገሩ ሰዎችም ንጉሡ እዚያ አልተቀበሩም ይላሉ። ታዲያ ያን ሁሉ ድንጋይ ያስጠረቡት ንጉሥ የት ሄዱ?

የአጼ ታዜና ልጅ አጼ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት የነገሡ ሲሆን እለ አጽብሐ ተብለውም ይጠራሉ። ስማቸው የተቀረጸበት የወርቅ ገንዘብ እስከ ዛሬ አለ። በአዱሊስ ወደባቸው የሩቅ አገር ነጋዴ ይገባ ይወጣ ነበር። ሰው የሚመካበት ነገር ሁሉ፣ ወርቁም ጦሩም መርከቡም፣ በእጃቸው ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ523 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የሂምያር ንጉሥ ዙ ኑዋስ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። ካሌብም በ525 ዓ.ም. ግድም 70 መርከብ አሰናድተው ዘመቱ። ከመነሳታቸው በፊት ግን በጠባብ በዓት ቆመው ይጸልዩ ወደነበሩት ወደ አባ ጰንጠሌዎን ሄደው ቡራኬ እንደ ለመኑ ገድሉ ይነግረናል። የጦር አለቃ ሁሉ የሚታዘዝላቸው ንጉሥ ምንም ከሌለው መነኩሴ ደጅ ጠኑ ማለት ነው።

ባሕሩን ተሻገሩ፤ ድል አደረጉ። ከዚያው አገር ተወላጅ አንድ ክርስቲያን ሾመው ተመለሱ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። እዚያ ከቀሩት ወታደሮች ብዙዎቹ ዐመፁና ሹሙን አስረው አብርሃ የሚባለውን አነገሡ። የዚያ ዘመን ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ እንደ ተረከው ካሌብ 3,000 ሰው ላኩ፤ የተላከው ጦር ግን የገዛ አዛዡን ገድሎ ከአብርሃ ጋር ተደባለቀ። ሁለተኛ ጦር ላኩ፤ እሱም ተሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልላኩም። ባሕር ያልገታው ክንድ በገዛ ወታደሩ ተገታ።

ገድሉ የኑሯቸውን ፍጻሜ ሲነግረን ዘውዳቸውን በጌታ መቃብር ደጃፍ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ፤ መንግሥቱን ትተው መነኮሱ ይላል። አበው እንደሚሉት ያረፉት በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም ነው። ቤተ ክርስቲያንም ግንቦት 20 ቀን ታስባቸዋለች። ድሉንም ሽንፈቱንም ያዩ ሰው ናቸውና ዘውዱ በአደራ የተሰጣቸው እንጂ የራሳቸው አለመሆኑን ያወቁ ይመስለናል። አደራውን ለባለቤቱ መለሱ።

አባሎቻችን ሆይ፣ ይህ ተረት እንዳይመስለን። መዋጮ መክፈል፣ ድንኳንና ወንበር ማሰናዳት ተገቢ ነው፤ ካሌብም ጸለዩ ብለው መርከቡን አልተዉም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። በየስብሰባው ለዳኝነቱና ለገንዘብ ያዥነቱ ስንት ቃል ተለዋወጥን! አንዳንዶቻችን እኛ ከሌለን እድሩ የሚፈርስ ይመስለናል። ኧረ እንተዛዘን! ካሌብ ዘውዳቸውን አስቀመጡ እንጂ አክሱም አልፈረሰችም፤ ገብረ መስቀል ነገሡባት። ከመካከላችንም የቤቱን መሠረት ጥሎ ጣሪያውን ሳያይ የሄደውን ወንድማችንን እኛው ራሳችን ተሸክመን ቀብረናል። የሱን ዕቅድ ማን ጨረሰለት? ዕቅዳችንን እንያዝ፤ ፍጻሜውን ግን ለፈጣሪ እንተውለት።

በዚህ ዓመት ለተለዩን አባሎቻችን ዕረፍተ ነፍስን፣ ለቀረነው ደግሞ ትሑት ልብን ይስጠን።