የመንዴሌየቭ እናት ትግል

የሳይንስ ፍቅር ከሰማይ የሚወርድ ጸጋ ሳይሆን ከቤተሰብ ትግል የሚወለድ መሆኑን የታላቁ ኬሚስት የዲሚትሪ መንዴሌየቭ ሕይወት ያረጋግጣል። ዲሚትሪ እ.ኤ.አ. በ1834 በሳይቤሪያ፣ በቶቦልስክ ተወለደ። መምህር አባቱ ዓይነ ሥውር ሲሆኑ፣ እናቱ ማሪያ የመስታወት ፋብሪካ እየመሩ ቤተሰቡን አስተዳደሩ። አባት በ1847 አረፉ፤ ፋብሪካውም በ1848 በእሳት ወደመ። እናት ግን አልተንበረከኩም። ልጃቸውን ይዘው ወደ ሩቂቱ ሞስኮ ተጓዙ። የዛሩ ቢሮክራሲ ከሌላ የትምህርት ክልል መጥቷል በሚል ሰበብ የዩኒቨርሲቲውን በር ዘጋበት። ሴንት ፒተርስበርግ ዘለቁ፤ በ1850 አባቱ በተማሩበት የመምህራን ተቋም ገባ። እናት በዚያው ዓመት አረፉ። ልጃቸው በ1869 የንጥረ ነገሮችን ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ለሰው ልጅ አበረከተ፤ በ1887 ያሳተመውን የምርምር ሥራም ለእናቱ መታሰቢያ አደረገው። እንግዲህ ችግር ያጠቃው ወላጅ ልጁን ከትምህርት ገበታ ከመንቀሉ በፊት የማሪያን ጽናት ያጢን!